የጅቡቲ መዛግብት በምን ይቀዱ?

የአንድ አገር መዝገብ በአገሩ ይገኛል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። የጅቡቲን ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ግን ይህን ልማድ ገና በመጀመሪያው ቀን ይተወዋል። በዚህች ከተማ በአገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተጻፈው ደብዳቤና ከጐረቤት መንግሥታት ጋር የተደረገው መጻጻፍ ዋና ዋናው ክፍል ዛሬ ያለው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ፣ የባሕር ማዶ ብሔራዊ መዛግብት በሚባለው ቤት ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ የመግቢያ ፈቃድ፣ የአይሮፕላን ዋጋና የብዙ ሳምንት ስንቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ የአገሩ ተማሪ ስለ አያቶቹ የተጻፈውን አንድ ገጽ ከማንበቡ በፊት የሚከፍለው ዋጋ፣ የፓሪስ ተማሪ ከሚከፍለው እጅግ የበዛ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ይህን ችግር ለማቃለል «ዋናው ባይመጣ ቅጅው ይምጣልን» የሚል አሳብ ይሰማል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ቅጅ ሲባል በምን የተቀዳ ቅጅ ነው? በማይክሮፊልም ነውን? በዲጂታል ሥዕል ነውን? ወይስ በወረቀት? ጥያቄው የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ሆኖም መልሱ ማን እንዲያነብ ማንስ ደጅ እንዲጠና የሚወስን ስለ ሆነ፣ በጋዜጣ ላይ ቢነሣ ተገቢ ነው እላለሁ።

አስቀድሞ መዛግብቱ እንዴት እንደ ሄዱ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ፈረንሳዮች ቅኝ ግዛቶቻቸውን ሲለቁ መዛግብቱን በሁለት ይከፍሉ ነበር። የዕለት ተዕለት አስተዳደር የሚመለከተውን ለአዲሱ መንግሥት ይተዉና፣ ፖለቲካንና የመንግሥትን ሥልጣን የሚነካውን ግን ወደ አገራቸው ይወስዱ ነበር። የኤክሱ ቤት የተቋቋመው በ1966 ሲሆን፣ ጅቡቲ ነጻነቷን ያገኘችው ሰኔ 27 ቀን 1977 ነው። ይህ አከፋፈል ለከፋዩ ይመቻል፤ ለተመራማሪ ግን አንዱን ነገር ከሁለት ላይ የቆረጠ ሰይፍ ነው። የአንድ መንደር የውኃ ጉድጓድ ጉዳይ አስተዳደር ነው ወይስ ፖለቲካ? በበረሃ አገር ውኃ ሁለቱንም ነው። ስለዚህ ጥያቄው በአንድ ባሕር ዳር ሲቀር መልሱ በሌላው ባሕር ዳር ተቀምጦ ይገኛል።

አሁን ወደ ፊልሙ እንምጣ። ማይክሮፊልም አዲስ ነገር አይደለም። ዳግሮን የተባለው ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ በ1859 በስሙ አስመዝግቦት ነበር። በ1870 ፕሩሲያኖች ፓሪስን በከበቡ ጊዜ ደብዳቤ ሁሉ በጥቃቅን ፊልም እየታተመ በርግብ ጅራት ታስሮ ይገባ ነበር። ወደ ቤተ መጻሕፍት በሰፊው የገባው ግን በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። በ1950 በአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት መሪነት የሄደው ጓድ በደብረ ሲና በቅድስት ካትሪን ገዳም ከ1,600 የሚበልጡ የእጅ ጽሑፎችን በፊልም አንሥቶ ሲመለስ፣ ዓለም በአድናቆት ተቀበለው። በ1963 ደግሞ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ስለ አፍሪካ የሚገኙ ጋዜጦችንና ሰነዶችን በጋራ በፊልም ለማንሣት ማኅበር አቋቋሙ።

ስለ ማይክሮፊልም ጥቅም ለመናገር ግን ሩቅ መሄድ አያሻም። በኢትዮጵያ በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ከማናቸውም ምስክር ይበልጣል። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ በየአድባራቱና በየገዳማቱ እየዞሩ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚሆኑ ጥራዞችን አንሥተዋል። አንዱ ቅጅ በአዲስ አበባ ሲቀመጥ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ በኮሌጅቪል በሚገኘው በሂል የእጅ ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ የመንግሥት ለውጥ መጣ፤ ጦርነትና ረኃብም ተከተለ። ቢሆንም ሥራው አልተቋረጠም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ቆስለው ከአገር ከወጡ በኋላ፣ እስከ 2021 ዕረፍታቸው ድረስ ዕድሜያቸውን በእነዚህ ፊልሞች ላይ አፍስሰው፣ እያንዳንዱ ብራና ምን እንደ ያዘ በየቅጹ እየዘረዘሩ ለዓለም አስታወቁ። ከተነሡት መጻሕፍት መካከል ዛሬ በስፍራቸው የማይገኙ አሉ፤ ለእነዚህ ፊልሙ ብቻ ቀርቶላቸዋል። ስለ ማይክሮፊልም የሚያፌዝ ሰው ቢኖር ይህን ያስብ።

የፊልም ትልቁ ጥቅም ቀላልነቱ ነው። መሣሪያው ሁሉ ቢጠፋ፣ መብራትና የሚያጐላ መስተዋት ያለው ሰው ያነበዋል። ፖሊስተር በሚባለው ልባስ ላይ በብር የተሠራው ፊልም በሚገባ ታጥቦ፣ ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ በማይበልጥ ደረቅ ክፍል ቢቀመጥ 500 ዓመት ይቆያል ተብሎ ይገመታል። ጥቅሉ ከተሠራ በኋላ ከመካከሉ ገጽ ለማውጣት ወይም ለመጨመር የሚሞክር ሰው ዱካው ይታወቅበታል። ደግሞም ሌላ ጥቅም አለው፤ ይህን ጥቅም ብዙዎች አያስተውሉትም። በጥቅሉ ላይ አንዱ ደብዳቤ ከአንዱ ቀጥሎ ልክ በፋይሉ ውስጥ በነበረበት ተራ ይገኛል። አገረ ገዥው ለሚኒስትሩ የጻፈውን ስታነብ፣ ቀጥሎ የተገኘው የፖሊስ ማስታወሻ ደብዳቤው ለምን እንደ ተጻፈ ይነግርሃል። ተመራማሪ ያልፈለገውን የሚያገኘው እንዲህ ባለ ጉርብትና ነው።

ጉድለቱም ትንሽ አይደለም። በፊልም ማንበቢያ ፊት አንድ ሙሉ ቀን የተቀመጠ ሰው ማታ ዓይኑና ማጅራቱ ምን እንደሚሉት ያውቃል። ስምንት መቶኛውን ገጽ ለማየት ሰባት መቶ ዘጠና ዘጠኙን ማሽከርከር ግድ ነው። እኔ አንድ ጊዜ በአንድ የንባብ ክፍል ሦስት ማንበቢያዎች ተደርድረው አይቻለሁ፤ የሁለቱ አምፑል ተቃጥሎ ነበርና፣ ፊልሙ በሳጥኑ ውስጥ በሰላም ተቀምጦ ሳለ አንባቢዎቹ በተራ ይጠብቁ ነበር። አምፑሉ ከየት እንደሚገዛ የሚያውቅ ሠራተኛ ጡረታ ወጥቷል ተባልን። ፊልም ለአምስት መቶ ዓመት ቢቆይም፣ የሚያነበው መሣሪያ አንድ ትውልድ ከቆየ ትልቅ ነገር ነው። ኮዳክን የሚያህል ኩባንያ በ2012 ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ለፍርድ ቤት ማመልከቱም ስለዚህ ኢንዱስትሪ መጠን የሚናገረው ነገር አለ።

ከሁሉ የከፋው የቀለም ነገር ነው። የቀድሞዎቹ ፊልሞች ባብዛኛው ጥቁርና ነጭ ናቸው። በግዕዝ ብራና ላይ የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መጀመሪያ በቀይ ይጻፋል፤ በፊልሙ ላይ ግን ቀዩ ፈዞ ከጥቁሩ ጋር ይቀላቀላል። አንባቢው ጸሐፊው «እዚህ ላይ ቁም» ያለበትን ስፍራ አያይም። ስለ ጅቡቲ መዛግብት ይህ የማያገባን ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ያገባናል። በአንድ የቢሮ ሰነድ ላይ ዋናው ጽሑፍ በታይፕ ይሆንና፣ አለቃው በሰማያዊ እርሳስ አንድ ቃል ይጽፍበታል፤ ሌላው ሹም በቀይ ይሰርዘዋል። ውሳኔው ያለው በእርሳሱ ላይ ነው። እርሳሱ የማን እንደ ሆነ የሚታወቀውም በቀለሙ ነው። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ሁሉም ግራጫ ሆኖ ሲቀርብ፣ ማን እንዳዘዘና ማን እንደ ከለከለ አይለይም። የምኒልክ መንግሥት ከጅቡቲ አስተዳደር ጋር በተጻጻፈባቸው ወረቀቶችም ላይ ማኅተሙን በሚገባ ለማየት ቀለሙ ያስፈልጋል።

የደብረ ሲናውም ታሪክ በዚህ ላይ ያስተምረናል። በ1950 የተነሣው ፊልም ስልሳ ዓመት ሙሉ ሊቃውንትን አገልግሏል። በ2011 ግን ሌሎች ሊቃውንት በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነት የሚያነሣ ዲጂታል ካሜራ ይዘው ወደ ገዳሙ ተመለሱ። ቀድሞ የተጻፈበት ተፍቆ እንደገና በተጻፈበት ብራና ላይ፣ ከላይኛው ጽሑፍ ሥር ተሰውሮ የነበረውን የጥንት ጽሑፍ አወጡ። ፊልሙ ይህን ከቶ አላሳየም ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው ግን መነኮሳቱ «ፊልም አለልን» ብለው ብራናውን ስላልጣሉት ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር አንዳንድ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጦቻቸውን በፊልም ካነሡ በኋላ ወረቀቱን ሸጡ፤ ጣሉም። በኋላ ፊልሙ ሲታይ ገጽ የጐደለው፣ ጠርዙ የተቆረጠው፣ ሥዕሉ የጠቆረው ብዙ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ዲጂታሉ መልካም ነገር ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሁሉ ሰው በኪሱ ይዞት ይዞራልና። ቀለሙ ሙሉ ነው፤ ገጹን እንደ ወደዱ ያጐሉታል፤ አንድ ገጽ በአንድ ጊዜ በመቶ ሰው ይነበባል። በታይፕ የተጻፈ ፈረንሳይኛ ሲሆን መሣሪያው ራሱ ፊደሉን እያነበበ የተፈለገውን ስም ሊያወጣ ይችላል። ለጅቡቲም በተለይ የሚመች ነገር አለ። ይህች ከተማ በባሕር ሥር የሚያልፉ ብዙ የመገናኛ ገመዶች የሚወጡባት ወደብ ናት፤ የሌላው ዓለም ወሬ በደጃፏ ሲያልፍ የራሷ መዝገብ ብቻ በመርከብ ይምጣ ማለት አይገባም።

ነገር ግን ዲጂታል ቅጅ እንደ ሕፃን ልጅ ነው፤ ለአንድ ቀን እንኳ ያለ ሞግዚት አይተውም። ፊልም በሳጥን ውስጥ ተረስቶ ሃያ ዓመት ቢቀመጥ፣ ዕድል ከቀናው ደኅና ይገኛል። የዲጂታሉ ዲስክ ለሃያ ዓመት ቢረሳ ግን የሚከፍተው ይጠፋል፤ ወይም ራሱ ይጠፋል። በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ዕቃ ማዛወር፣ መመርመር፣ ቅጅውን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ይህም ማለት በየዓመቱ በበጀት ውስጥ ገንዘብ መያዝ ማለት ነው። አንድ ጊዜ በርዳታ የሚገዛ መሣሪያ ይህን አይተካም። ይህ ድኃ አገርን ብቻ የሚመለከት አይምሰለን። በጥቅምት ወር 2023 የብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ወንበዴዎች በተጠቃ ጊዜ፣ በዲጂታል የተነሡት የእጅ ጽሑፎቹ ለብዙ ወራት ከአንባቢ ዓይን ተሰወሩ። ከመቅደላ የተወሰዱትን የግዕዝ መጻሕፍት በዚያ መንገድ ያነብ የነበረ የአዲስ አበባ ተማሪም በሩ ተዘጋበት። ብራናዎቹ ግን በመደርደሪያቸው ላይ እንዳሉ ነበሩ።

እንግዲህ የቱ ይሻላል? እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ መልስ የለውም፤ አንባቢው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበትና። ይህን ለማሳየት ከምድር ባቡሩ መዛግብት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለሙሴ ኢልግ ፈቃድ ሰጥተው፣ በ1897 ሐዲዱ ከጅቡቲ መነጠፍ ጀመረ። በ1902 ድሬ ዳዋ ሲደርስ የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘቡ አልቆ ነበር። በ1908 የተቋቋመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ቀጥሎ፣ በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። መንገዱ ወደ 784 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኩባንያው ዋና ጽሕፈት ቤት እስከ 1959ኙ ስምምነት ድረስ በፓሪስ ነበር፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። በ1981 ደግሞ ኩባንያው የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ሆነ። አሮጌው ባቡር ከቆመ በኋላ በ2016 በአዲስ አበባ፣ በ2017 መጀመሪያ በጅቡቲ የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በናጋድ በተሠራው ጣቢያ ይቆማል። መሥሪያ ቤት እንዲህ በተዛወረ ቍጥር መዝገብም እንደሚበታተን የታወቀ ነው። አዲስ አበቤ ጣቢያውን «ለገሃር» የሚለው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» መሆኑን ሳይጠይቅ እንደሚኖረው ሁሉ፣ የኩባንያውም ወረቀት ከአራት ከተማ የተውጣጣ መሆኑን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በእነዚህ ወረቀቶች ላይ የሚመጣው አንባቢ አንድ ዓይነት አይደለም። አባቱ በሐዲድ ጥገና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው ይመጣል፤ የሚፈልገው የአባቱን የአገልግሎት ቅጽ፣ አንድ ገጽ፣ ማኅተም ያለበት ትክክለኛ ግልባጭ ነው። እርሱን በፊልም ማንበቢያ ፊት አስቀምጦ «ፈልግ» ማለት ግፍ ነው። ለእርሱ የሚሻለው የስም ማውጫና አንድ ቸር ጸሐፊ ነው፤ ቅጅው በምንም ይሁን። ሁለተኛው የንግድ ታሪክ የሚጽፍ ነው። ቡና፣ ቆዳና ጨው በየወሩ ስንት ቶን እንደ ተጫነ ከዓመት ዓመት ሳያቋርጥ ማየት ይፈልጋል። ለዚህ ሰው ጥቅል ፊልም ጥሩ ወዳጅ ነው፤ ተራው አይዛነፍበትምና። ሦስተኛው መሐንዲስ ነው። የድልድይ ንድፍ በሰማያዊ ወረቀት ላይ በነጭ መስመር ተሥሎ፣ ስፋቱ ጠረጴዛ የሚያህል ሆኖ ይቀርብለታል፤ ያን በ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ያሳነሱት እንደ ሆነ በመስመሩ ጥግ የተጻፈው ቁጥር አይነበብም። ለእርሱ ትልቅ የዲጂታል ሥዕል ወይም ዋናው ወረቀት እንጂ ሌላ አይረዳውም።

አራተኛም አለ፤ እርሱ አንድ ቀን ብቻ የሚፈልግ ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ መጨረሻ 1928 በእኛ አቆጣጠር፣ ማለት በግንቦት መጀመሪያ 1936 በፈረንጅ፣ በባቡር ጅቡቲ ገብተው በእንግሊዝ የጦር መርከብ በኢንተርፕራይዝ ወደ ሃይፋ ሲሄዱ፣ በከተማዪቱ ውስጥ ማን ተቀበላቸው? ስደተኛው የት አደረ? የወደቡ ሹም ምን ጻፈ? እንዲህ ያለው ጥያቄ የጋዜጣን፣ የቴሌግራምንና የፖሊስን ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይፈልጋል። ሦስቱ በሦስት ቤት፣ አንዱ በፊልም፣ አንዱ በዲስክ፣ አንዱ በወረቀት ሲሆኑ አንባቢው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለስ ዓመቱ ያልቅበታል።

አሁን ስለ አየሩ እንናገር፤ በጅቡቲ ከተማ ስለ ቅጅ የሚመክር ሰው ስለ አየር ካልመከረ ምክሩ ከንቱ ነውና። በበጋው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ባሕሩም ቅርብ ስለ ሆነ ጨዋማው እርጥበት በየስንጥቁ ይገባል። አሴቴት በሚባለው ልባስ ላይ የተሠራው የቀድሞ ፊልም በሙቀትና በእርጥበት ሲጐዳ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል፤ ይሸበሸባል፤ ከዚህ በኋላ የሚመልሰው የለም። ይባስ ብሎ ከእርሱ የሚወጣው ትነት በአጠገቡ የተቀመጠውን ጤነኛ ጥቅል ይበክለዋል። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት የድሮ ፊልም በስጦታ ሲቀበል አስቀድሞ ማሽተት አለበት። ፖሊስተሩ እንዲህ አይበላሽም፤ ነገር ግን እርሱም ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ ቅዝቃዜና ድርቀት ይፈልጋል። ቅዝቃዜ ማለት ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪክ ማለት ደግሞ ገንዘብ ነው።

ጀርመኖች በዚህ ላይ ያደረጉት ሊጠና የሚገባው ነው። በፍራይቡርግ አጠገብ በኦበርሪድ ተራራ ውስጥ አንድ አሮጌ የማዕድን ዋሻ አላቸው። ከ1975 ጀምሮ የአገራቸውን ታላላቅ መዛግብት ፊልም በማይዝግ ብረት በርሜል አሽገው በዚያ ያኖራሉ። ማንም አንባቢ ወደዚያ አይገባም። በቅርብ ዘመን ደግሞ አስቀድመው በዲጂታል ያነሡትን ሥዕል መልሰው በፊልም ላይ ይጽፉታል፤ አንባቢው ዲጂታሉን ይጠቀማል፣ ተራራው ፊልሙን ይጠብቃል። በእኔ አስተያየት የፊልምና የዲጂታል ክርክር መጨረሻው እዚህ ነው። ፊልም የሚነበብ ነገር መሆኑ እየቀረ ሲሄድ፣ የሚጠበቅ ነገር መሆኑ ግን አልቀረም።

እንግዲህ ለጅቡቲ ምን ይደረግ? ከኤክስ የሚጠየቀው ቅጅ ባለ ሙሉ ቀለም ዲጂታል ይሁን። ሆኖም ተመርጦ አይምጣ። «ጠቃሚውን መርጠን እንላክላችሁ» የሚል ደግ ሰው ሲመጣ ትሕትናውን አመስግኖ እምቢ ማለት ይገባል፤ መራጭ ሲመርጥ የራሱን ጥያቄ እንጂ የእኛን አያውቅም። እያንዳንዱ ፋይል ከሽፋኑ ጀምሮ፣ ባዶ የሚመስለውን የጀርባ ገጽ ጨምሮ፣ በነበረበት ተራ ይነሣ። ከዚያ ዋና ዋናው ክፍል በፖሊስተር ፊልም ላይ ይጻፍና ይታሸግ። በ1943 የጀመረው «ሬቬይ ደ ጅቡቲ»ን የመሰሉት ጋዜጦች ወረቀታቸው ከቀን ወደ ቀን ስለሚፈረፈር ወረፋውን ይቅደሙ።

የታሸገው ፊልም የት ይቀመጥ? ከከተማዪቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ላይ የምትገኘው አርታ ከባሕሩ ዳር ትቀዘቅዛለች፤ አንዱ ቅጅ በዚያ ቢሆን የማቀዝቀዣው ወጪ ይቀንሳል። ሁለተኛውን ቅጅ ደግሞ በአዲስ አበባ፣ ወመዘክር ብለን በለመድነው በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ግቢ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ማኖር ይቻላል። የጅቡቲ መብራት ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋው መስመር እየመጣ ሳለ፣ ፊልሙ በተቃራኒው ወደ ደጋ ቢወጣ ምን ነውር አለው? «የአንድ መንግሥት ምሥጢር በጐረቤቱ ቤት እንዴት ይቀመጣል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። መልሴ ግን በርሜሉ የታሸገ ይሁን፣ ቁልፉም በጅቡቲ ይቀመጥ ነው። ኢትዮጵያም የምድር ባቡሯን ወረቀት ፊልም በዚያው ስምምነት አርታ ብታኖር መተማመኑ የሁለት ወገን ይሆናል።

ቅጅ መቀበል ዋናውን መጠየቅን እንዳይዘጋም ልብ መባል አለበት። በ1947 ከኢጣልያ ጋር በተደረገው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የታሪክ ዕቃና መዛግብት እንድትመልስ ተወስኖ ነበር፤ ውሉ «ፎቶግራፉን ስጡ» አላለም። ፈረንሳይና አልጄሪያም ስለ ኤክስ መዛግብት ከ1962 ጀምሮ የሚነጋገሩት ስለ ዋናው ነው። ስለዚህ በማናቸውም የቅጅ ስምምነት ላይ «ይህ ቅጅ በዋናው ላይ ያለውን ጥያቄ አያስቀርም» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ቀለም አያባክንም።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እርሱም ከፊልሙና ከዲጂታሉ ሁሉ የሚቀድም ነው። ቅጅው ምንም ያህል ቢያምር፣ ዝርዝር ከሌለው የታሸገ ጉድጓድ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው የደከሙት ፊልም ለማንሣት ሳይሆን በፊልሙ ላይ ያለውን ለመዘርዘር መሆኑን እናስታውስ። የጅቡቲ ዝርዝር ደግሞ የራሱ ችግር አለበት፤ የስም ችግር ነው። ይህች አገር ከ1896 ጀምሮ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ተባለች፤ በ1967 የፈረንሳይ የአፋሮችና የኢሳዎች ግዛት ሆነች፤ ከ1977 ወዲህ የጅቡቲ ሪፑብሊክ ናት። በመሣሪያው ላይ «ጅቡቲ» ብሎ ብቻ የሚጽፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሰማንያ ዓመት ወረቀት አልፎት ይሄዳል። በከተማዪቱ መካከል ያለው አደባባይ በአሮጌው ወረቀት የምኒልክ አደባባይ ነው፤ በአዲሱ የሰኔ 27 አደባባይ ነው። የራምቦ አደባባይ የነበረው ዛሬ በማሕሙድ ሐርቢ ስም ይጠራል። የሰውም ስም እንዲሁ ነው፤ የፈረንሳዩ ጸሐፊ የሰማውን እንደ ሰማው ስለ ጻፈ፣ አንዱ ሰው በሦስት ፋይል ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ዝርዝሩ በሚሠራበት ጊዜ ከፈረንሳይኛው ስም ጎን ሕዝቡ በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በዓረብኛ የሚጠራበት ስም፣ የምድር ባቡሩን ወረቀት የሚመለከት ሲሆን የአማርኛውም ስም ይጻፍ፤ ይህንንም ሥራ ከኤክስ መጠበቅ አይገባም፤ የከተማዪቱ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ በጅቡቲ ይጀመር።